መጀመሪያዬ ነው ማለት ምን ያህል ያድናል?

አቅራቢ፦ «ሪከርድ የለብኝም፣ መጀመሪያዬ ነው፣ ዳኛው ያልፈኛል።» ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ሰው አዘውትሮ የሚለው ይህንን ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ መልሱ ፖሊስ ባስቆማችሁ ቦታ ይለያያል፤ የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግና የቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ አንድ አይደሉም።

በሜሪላንድ ንጹሕ ሪከርድ ትልቅ ዋጋ አለው። ዳኛው የጥፋተኝነት ፍርድ ሳይመዘግብ ተከሳሹን በአመክሮ ሊያሰናብተው ይችላል። ይህ ዕድል ግን በ10 ዓመት ውስጥ አይደገምም።

ቨርጂኒያ ጠበቅ ትላለች። እዚያ ጥፋተኛ የተባለ ሰው፣ የመጀመሪያው ቢሆንም፣ ከ250 ዶላር ያላነሰ ይቀጣል፤ መንጃ ፈቃዱም ለአንድ ዓመት ይታገዳል። በደሙ ያለው አልኮል 0.15 በመቶ ከደረሰ ቢያንስ 5 ቀን፣ ከ0.20 ካለፈ ደግሞ ቢያንስ 10 ቀን ይታሰራል። ዳኛው ቢያዝንለትም ከዚህ በታች መውረድ አይችልም። እስሩ እስከ 12 ወር ሊደርስ ስለሚችል፣ ንጹሕ ሪከርድ የሚጠቅመው ከዝቅተኛው በላይ ያለውን ለማስቀነስ ነው።

ዜግነት ያላገኛችሁ በተለይ ልብ በሉ። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አመክሮ መቀበል፣ ሜሪላንድ ፍርድ ባትለውም፣ በፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ እንደ ፍርድ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ በፍርድ ቤት ጥፋታችሁን ከማመናችሁ በፊት የወንጀሉንም የኢሚግሬሽኑንም ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። ከጠጣችሁ ደግሞ መኪናችሁን አቁማችሁ በታክሲ ግቡ።