ስለ ኮሌስትሮልና ስለ ወጣት ልብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንሄዳለን። እናቶቻችንም በሶውንና ጭኮውን ከወዲሁ እንደሚያስቡልን እናውቃለን። ዛሬ ግን ከስንቁ አስቀድመን ስለ ልባችን ጥቂት ለመናገር ፈለግን። ብዙ ሰው የልብ ሕመም የሽማግሌና የባለጸጋ ሕመም ብቻ ይመስለዋልና።

ነገሩ እንዲህ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. በኮርያ ጦርነት የሞቱ የ300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልብ ተመርምሮ ውጤቱ ታተመ። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ሲሆን፣ ከመቶው በ77ቱ የልብ ደም ሥር ላይ የበሽታው ምልክት ተገኘ። ዳግመኛም በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ1948 እስከ 1964 የተመረቁ ወንዶች፣ በተማሪነታቸው ኮሌስትሮላቸው ተለክቶ ጤንነታቸው ለብዙ ዓመታት ሲጠና ቈየ። በ1993 እንደ ታወቀው፣ በ22 ዓመታቸው ገደማ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለባቸው በጎልማሳነታቸው በልብ በሽታ ይበልጥ ተጠቅተዋል።

ኮሌስትሮል ራሱ ጠላት አይደለም። ጉበታችን የሚሠራው፣ ለሐሞትና ለሆርሞን የሚያስፈልግ ሰም መሰል ነገር ነው። ነገር ግን ኤል ዲ ኤል የሚባለው ተሸካሚው በደም ውስጥ ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይከማቻል፤ መንገዱም ይጠባል። ክምችቱ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል፤ ልብም ደም አጥቶ ይጐዳል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ለዓመታት ምንም አይሰማም።

ቅቤ፣ ጮማና የሚረጋው የፓልም ዘይት ሲበዙ ጉበት ኤል ዲ ኤልን ከደም የማንሣት ኀይሉ ይደክማል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀም ስብም ከቈዳ ሥር ካለው ይልቅ ለልብ ክፉ ነው። ሆኖም ቀጭን ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም፤ ከፍተኛ ኮሌስትሮል በዘርም ይወረሳልና። ሚዛን የማይነግረንን የደም ምርመራ ይነግረናል።

ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ተማሪዎች ሳሉ፣ የንጉሡን ምግብ ትተው ጥራጥሬ እንደ በሉ ተምረናል። እነርሱ ያንን ያደረጉት ስለ እምነታቸው እንጂ ስለ ኮሌስትሮል አልነበረም። እኛ ግን በተማሪ ቤት የሚቀርብልንን ሽሮና ምስር ንቀን ወደ ጥብሱና ወደ ድንች ጥብሱ ቤት ለመሮጥ ስንነሣ እነርሱን ብናስብ አይከፋም። የገብስ ቂጣና ገንፎም ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ስናጠና ውለን ማታ በእግራችን እንሂድ፤ ሲጋራን ግን ከነጭራሹ አንጀምር።

ወላጆቻችን ሆይ፣ እናንተንም አንድ ነገር እንለምናለን። ለዕረፍት ስንመለስ፣ የወፈረውን «አማረብህ» ብላችሁ አታመስግኑት፤ ቀጠን ብሎ በጤና የመጣውንም «ልጄ፣ ከሳህብኝ» ብላችሁ አታልቅሱለት። ይልቁንም ከቤተ ዘመድ መካከል በወጣትነቱ በልብ ሕመም የታመመ ወይም የሞተ ካለ አትደብቁን፤ ንገሩን። ይህን ያወቀ ልጅ በጊዜ ይመረመራልና።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቅጠሉ ዛሬ በእጃችን ነው።