የአየር ቧንቧ ጥበትና የመሐንዲስ ድርሻ



ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። በዚህ ደጋ የአየር ቧንቧው በጠባሳ የጠበበበት ሕመምተኛ ችግሩ ድርብ ነው። የቧንቧ ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ፣ በዝግታ ለሚፈስ አየር ያለው ተቃውሞ 16 እጥፍ እንደሚያድግ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል።

ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኪሊያን እ.ኤ.አ. በ1897 አንገት ሳይቀደድ፣ ቀጥ ያለ ቱቦ አስገብቶ ከአንድ ገበሬ ሳንባ ቧንቧ አጥንት አወጣ። ዛሬም ጥበቱ በመመልከቻ ቱቦ እየታየ በቢላ፣ በሌዘር ወይም በሚነፋ ፊኛ ይሰፋል። በሕክምናው ጊዜ ለደጋ ሕመምተኛ ኦክስጅን መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከሌዘር ጋር ሲበዛ ግን እሳት ያስነሳል። መብራት ቢጠፋም ሐኪሙ ዓይኑን ያጣል።

ስለዚህ የመጠባበቂያ ኃይል፣ የኦክስጅን መስመርና የመሣሪያ ጥገና የሕክምናው አካል ናቸው። መሐንዲሱም አደራውን ከሐኪሙ እኩል ሊሸከም ይገባዋል።