በኩላሊት እጥበት የሚኖር ሰው ስለምን ይጎብጣል?



የሆላንዱ ሐኪም ዊለም ኮልፍ እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. ሰው ሠራሽ ኩላሊት በበሽተኛ ላይ ከሞከረ ወዲህ፤ ኩላሊታቸው የደከመባቸው ብዙ ሰዎች ዕድሜ አግኝተዋል። ሆኖም መኪናው ደሙን ቢያጣራም በሽታው ጡንቻን ያመነምናል። በሽተኛውም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፤ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል መርፌ የገባበትን ክንዱን ሳያንቀሳቅስ ይቀመጣል፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ደክሞት ይተኛል። ስለዚህ ጭኑ ይከሳል፤ ትከሻው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ጀርባው ይጎብጣል፤ ከወንበር መነሣት እንኳ ጭንቅ ይሆንበታል።

እኛም ጥፋተኞች ነን። የአንድ ጓደኛችን አባት ጋዜጣቸውን ሊያመጡ ብድግ ሲሉ «ኧረ ይቀመጡ!» እያልን እንሽቀዳደም ነበር። አክብሮት መስሎን ነበር፤ ለካስ እግራቸውን ነው የነሣናቸው።

ሐኪም ከፈቀደ በእጥበቱ የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ተቀምጦ ፔዳል መምታት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላልና። በቤትም ቀጥ ብሎ መራመድ፤ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ጭንን ያበረታል። ከእጥበት ወዲያው ሲነሡ ግን ራስ ሊያዞር ስለሚችል፤ ያን ጊዜ ክንድ መስጠት ይገባል።

ዛሬ እኒያ አባት ጋዜጣቸውን ራሳቸው ያመጣሉ፤ ዝም ብሎ ማየቱ ለእኛ አሁንም ከባድ ነው።