ጨው፣ ነርቭና ልባችን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የደም ግፊት ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን «ጨው ቀንሱ ተብለናል» እንላለን። ለምን እንደተባልን ግን እምብዛም አልተነገረንም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀንሶ ይተወዋል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ስለ ምክንያቱ ነው።

ጥቁር አንበሳ ወይም ባልቻ ሆስፒታል ጠያቂ ሆነን ስንገባ በበሽተኛው ራስጌ ተሰቅሎ የሚንጠባጠበውን ሁሉ «ግሉኮስ» እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ግን የጨው ውሃ ነው፤ በ1 ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለው። ልኩ እንዲያው የመጣ አይደለም፣ ከደማችን ጨዋማነት ጋር እንዲመጣጠን ነው። እንግዲህ ሁላችንም የጨው ውሃ ተሸክመን እንዞራለን ማለት ነው። ልብም ነርቭም ያለዚህ አይሠራም። ኦቶ ሌቪ የተባለ ሊቅ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ቢያኖራቸው መምታታቸውን ቀጠሉ። የአንደኛውን ልብ ነርቭ፣ ቫገስ የሚባለውን፣ በኤሌክትሪክ ሲነካው ልቡ ዘገየ። ያንኑ ውሃ ወስዶ ሁለተኛው ልብ ላይ ቢያደርገው፣ ነርቩ ያልተነካው ልብም ዘገየ! ነርቭ ልብን የሚያዘው ንጥረ ነገር እያመነጨ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ልባችን በሁለት ዓይነት ነርቭ ይታዘዛል። ቫገስ ልጓም ነው፣ ያዘገየዋል። ሲምፓቴቲክ የሚባለው አለንጋ ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። አንገታችን ላይና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ላይ ግፊቱን የሚለኩ ጠባቂዎች አሉ። ግፊት ሲጨምር ለአንጎል ይናገራሉ፤ አንጎልም ልጓሙን ይስባል። ሲቀንስ ልጓሙን ለቅቆ አለንጋውን ያነሳል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸው ሽማግሌዎች እኮ ብዙውን ጊዜ ይኸው አሠራር የዘገየባቸው ናቸው።

ጨው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንጎል ውስጥ የደምን ጨዋማነት የሚቀምሱ ሕዋሳት አሉ፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ከፍ ቢል ያውቁታል። ያን ጊዜ ውሃ ይጠማናል፣ ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ ይታዘዛል፣ አለንጋው ነርቭም ይነሳሳል። ለአንድ ቀን ከሆነ ጤነኛ ሰው ውሃ ይጠጣል፣ ኩላሊቱ ትርፉን ያስወጣል፣ አለቀ። በየቀኑ ለዓመታት ሲሆን ግን በብዙ ሰው ላይ ግፊቱ ከፍ እንዳለ ይቀራል። ክፋቱ፣ ጠባቂዎቹም ውለው አድረው ከፍተኛውን ግፊት እንደ ልክ ይቆጥሩታል። ዘበኛው ከሌባው ጋር ተላመደ እንደማለት ነው። ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ኪኒኑን ያቆማል። አንድ ሌሊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ይፈስና ጧት የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል።

በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8 ግራም ያህል ጨው ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የወጥ ሠሪዋ ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ደግሞ ሦስተኛው ይጨመራል። በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይፈጭ፤ አንዴ ብቻ፣ ወጡ ላይ ይግባ።

ጨው ሲያንስም ልብ ይቸገራል። ተቅማጥና ትውከት የበዛበት ሰው ውሃውም ጨውም ስለሚያልቅበት ልቡ በአለንጋ ብቻ ይሮጣል፤ ባዶ ውሃ አይበቃውም፣ ኦ.አር.ኤስ. በንጹሕ ውሃ ይበጥበጥለት። በጨው ምትክ የሚሸጠው ዱቄት ደግሞ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም አለበት። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው፤ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ልብን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል።