«ወላጅ ይዘህ ና»
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ አንዲት መምህርት አባላችን ያደረገችው ንግግር)

የቆምኩት ሰብሳቢያችን «ዲላ ሄደሽ የተማርሽውን ንገሪን» ስላለችኝ ነው። ቡናው ሳይበርድ እጨርሳለሁ።

ባለፈው ክረምት ከወሰድናቸው ኮርሶች አንዱ ስለ ሠራተኛ ቤተሰቦችና በከተማ ትምህርት ቤቶች ስላለው ልዩነት ነበር። ርዕሱን ሳየው የባሕር ማዶ ወሬ መስሎኝ ነበር። እውነትም ካነበብናቸው አንዱ አኔት ላሮ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው መጽሐፍ ነው። ሰው ቤት እየገባች ያየችውን ጽፋለች። ኑሮ የተደላደለላቸው ወላጆች ልጃቸው መምህሩን እንዲጠይቅ፣ ሐኪሙን እንዲያናግር ያለማምዱታል፤ ራሳቸውም ትምህርት ቤት ገብተው ይከራከራሉ። ላብ አደሮቹ ግን ልጃቸውን ያበላሉ፣ ያለብሳሉ፣ ይጠብቃሉ፤ ትምህርቱን «መምህሩ ያውቃል» ብለው ለመምህሩ ይተዉታል። ፍቅር አንሷቸው አይደለም። ትምህርት ቤቱ የሚሰማው ግን የፊተኞቹን አነጋገር ነው።

ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አምና በኅዳር ከክፍሌ አንድ ልጅ መቅረት አበዛ። ሦስት ጊዜ «ወላጅ ይዘህ ና» ብዬ መለስኩት። እናቱ በአራተኛው መጣች። እኔም በመምህራን ፊት «ልጅሽ አያሳስብሽም ወይ?» አልኳት። የጠየቅኳት በአማርኛ ነው፤ እሷ የምትናገረው ጌዴኡፋ ነው። አንገቷን ደፍታ ወጣች። እኔም ንቀት ነው ብዬ ያዝኩት። የእኛ አገር ሴት አክብራ ዝም ስትል አላውቅም ነበር እንዴ?

ከኮርሱ በኋላ የምትሠራበት ቡና ለቀማ ሄድኩ። የሚከፈላት በለቀመችው ልክ ነው። እኔ የጠራኋት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር፤ ግማሽ ቀን ከቀረች የማታው ቆጮ ይቀራል። ልጁም የቀረው ሕፃን እህቱን ሊጠብቅ ኖሯል። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ይህንንም የማወራው ፈቅዳልኝ ነው፤ አሁን እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች።

የገዛ እናቴም ካርዴ ላይ የምታኖረው የጣት አሻራዋን ነበር። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንተኛ ወጣሽ?» ያንን ረስቼው ነው መምህርት የሆንኩት።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ምክንያት «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ ነበር። ዕቅዱ ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት የሚያስብ ስለነበር፣ የድሃ ልጅ እዚያው ሊቀር ነው ተብሎ ተፈራ። ዛሬ በሩ ለሁሉም ተከፍቷል እንላለን። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ናቸው፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ገንዘብ ያለው ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ያዛውራል፣ አስጠኚ ይቀጥራል። እኛስ?

ደጋፊዎቻችን፣ ስላመጣችሁልን ደብተርና ቦርሳ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ቦርሳ ሕፃን አያዝልም። የእኛ ቡና የሚደርሰው ከጥቅምት ጀምሮ፣ ልክ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲጦፍ ነው። በእነዚያ ወራት ከማኅበሩ ቢሮ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለሕፃናት ማዋያ እናድርጋት ነው የምለው። ምንጣፍ፣ ውኃ፣ ለምሳ የሚሆን ነገርና ለአንዲት ሞግዚት የሚከፈል ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ትመግባለች፤ የእኛ ጥያቄ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

እናንተ እናቶቼ ደግሞ፣ የወላጅ ስብሰባ በሥራ ሰዓት ሲጠራ አንድ ላይ ሆነን «ሰዓቱ ይቀየር» እንበል። አንዷ ብቻዋን ብትናገር እንደ እኔ ያለች መምህርት ትቆጣታለች። አሥር ሆነን ብንሄድ ግን ወንበር ይፈለግልናል።

ተራ የምትይዙ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ። የቅዳሜው የእኔ ነው።