ወፍ ቆጣሪዎቻችንን ማን ይደግፋቸው?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በፎገራ ሜዳ የሚሠራ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያቀረበው ንግግር)





 ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ሩዝ ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ስለገለጹት፣ እኔ በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ ስለማይነሣ አንድ ጉዳይ ለመናገር ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ጉዳዩ የወፍ ቆጠራ ነው። አንዳንድ አባቶች ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ የማሳችንና የውሃችን፣ ከዚያም በላይ ያለ ደመወዝ የሚደክሙ የልጆቻችን ጉዳይ ስለሆነ በትዕግሥት አዳምጡኝ።

ሁላችሁም እንደምታውቁት ክረምቱ አልፎ ውሃው ከሜዳው መሸሽ ሲጀምር፣ ከጥቅምት አንሥቶ ግራጫ ቀለም ያላቸው ረጃጅም ወፎች በመንጋ ይመጣሉ። ረጅም እግር ያለውን ወፍ ሁሉ ሽመላ ማለት ይቀናናል፤ ባለሙያዎች ግን እነዚህን ክሬን ይሏቸዋል፤ እኔም ከሌላው እንዲለዩ በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ። የሚራቡት በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ነው። ብርዱ ሲጠና ወደ ደቡብ ይበራሉ፤ ብዙዎቹ በእስራኤል ሁላ በሚባል ሸለቆ ያርፋሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ጉዟቸውን ቀጥለው ጣና ዙሪያ ይደርሳሉ። ይህንንም በወፎቹ ላይ በታሰረ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ ማረጋገጥ ተችሏል። በጣና ዙሪያ በጋውን የሚያሳልፉት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ እንግዶች ሌላ የአገራችን ነዋሪ የሆኑ ሁለት የክሬን ዓይነቶች አሉን፤ አንደኛው በራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጉንጩ ሥር ሁለት ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ነው። ሁለቱም በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

የሜዳችን መልክ በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንደተለወጠ ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ሩዝ ወደ ፎገራ ከገባ ወዲህ ቀድሞ ውሃ ብቻ ይተኛበት የነበረው መሬት ማሳ ሆኗል። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከራሳችን ጅግና ቀበሌ መሆኑን ሳስብ እኔም እኮራለሁ፤ ሩዝ ያመጣልንን ለውጥ የሚክድ ሰው አይደለሁም። ሆኖም የሸሸርና የወላላ ረግረጎች እየጠበቡ ሄደዋል፤ ሐይቁን ደግሞ እንቦጭ ይዞታል። ውሃው ስንት እንደቀረ የሚነግረን ማነው? ወፉ ነው። ክሬን ቀን በማሳ ውሎ ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል፤ ውሃው ሲጠፋ ማደሪያውን ይለቃል። በመሆኑም በአንድ ቦታ ያለውን ወፍ በየዓመቱ መቁጠር የረግረጉን ጤና እንደመለካት ነው።

የውሃ ወፍ ቆጠራ በአፍሪካ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ ይካሄዳል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ የቆየ ነው። በሰሜን አሜሪካ በገና ሰሞን የሚደረገው ቆጠራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1900 በ27 ሰዎች ተጀምሮ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሳተፉበታል። ከመቶ ዓመት በላይ ያቆየው የምሁራን ብዛት ሳይሆን ሥራውን ትቶ የሚወጣ ተራ ሰው ነው።

በእኛም ቀበሌዎች እንደዚህ ያሉ ሰዎች አሉ። አርሶ አደሮች፣ መምህራን፣ የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች ናቸው። በልጅነቱ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቅ የኖረ ሰው የወፍ ዓይነት ለመለየት ብዙ ሥልጠና አያስፈልገውም፤ ከኮሌጅ የወጣነው እኛ ከእነርሱ ተምረናል። የጎደላቸው የአሠራር ዘዴ ነው፤ እርሱም ከባድ አይደለም። ለምሳሌ መንጋ ሲበር አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ በመጀመሪያ አሥር ወፍ ይቆጠራል፤ አሥሩ በሰማይ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በዓይን ይያዛል፤ ከዚያም መንጋው በዚያ ልክ እየተከፈለ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እየተባለ ይኬዳል። ይህንን ለማለማመድ በሰፌድ ላይ የሩዝ ፍሬ በትነን እያንዳንዱ ሰው ባየው ጊዜ እንዲገምት እናደርጋለን፤ ቀጥሎ ፍሬው ይቆጠራል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም በጣም ይስታል፤ ሲደጋገም ግምቱ ይቀርባል። ያልተማሩ አንድ አባት ለእያንዳንዱ አሥር አንድ ጠጠር ከግራ ኪሳቸው ወደ ቀኝ ኪሳቸው እያዛወሩ ይቆጥራሉ፤ የእርሳቸውን ቁጥር ከተማሪዎቹ አስበልጬ አምነዋለሁ።

ከዚህም በተጨማሪ ቆጠራው በሁሉም ማደሪያዎች በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት መሆን አለበት። ዛሬ ጉማራ ወንዝ አጠገብ የተቆጠረው መንጋ ነገ ርብ አጠገብ ቢገኝ እንደ ሁለት መንጋ ይመዘገባልና። ቆጣሪው ምንም ወፍ ካላየ ደግሞ ምንም አላየሁም ብሎ መጻፍ ይኖርበታል። ብዙዎች ያፍራሉ፤ ባዶ ወረቀት መመለስ የደከሙበትን ከንቱ ያደረገ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ዓምና ሺህ በነበረበት ቦታ ዘንድሮ ባዶ መሆኑን ከማወቅ የበለጠ ምን ወሬ አለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመጀመሪያው ዓመት የሚመዘገበው በጎ ፈቃደኛ ብዙ ነው፤ በሦስተኛው ዓመት የሚቀረው ጥቂት ነው። ለምን?

አንደኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ወፍ ሊቆጠር ነው ሲባል “መሬቱ ሊከለል ነው፣ ከብታችንን ከግጦሽ ሊያስወጡት ነው” የሚል ወሬ ይነሣል። ቆጣሪው ከገዛ ጎረቤቱ ጋር ይጣላል። ይህን ወሬ ባለሙያ ብቻውን አያጠፋውም፤ የቀበሌ አመራሮችና የማኅበር ሰብሳቢዎች ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት በስብሰባ ላይ ስለ ምን እንደሚቆጠርና ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ መናገር አለባቸው።

ሁለተኛውና ከሁሉም የሚከፋው ግን ቁጥሩ ወጥቶ አለመመለሱ ነው። ወረቀቱ ተሰብስቦ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው አይሰማም። እኒያ ጠጠር የሚያዛውሩት አባት አንድ ቀን “ልጄ፣ ዓምና የሰጠናችሁ ቁጥር የት ደረሰ?” ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ወተት ለማኅበሩ ያስረከበ ሰው ስንት ሊትር እንደሆነ ደረሰኝ ይይዛል፤ ምሽቱን በብርድ ቆሞ ቁጥር ያስረከበ ሰው ለምን አይዝም? ስለሆነም የእያንዳንዱ ማደሪያ ቁጥር በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ እንዲለጠፍ፣ ግልባጩም በዩኒየኑ መዝገብ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ባለሙያ ይዛወራል፤ ፕሮጀክትም ዘመኑ ሲያበቃ ይዘጋል። ዩኒየኑ ግን የአባላቱ ስለሆነ እዚሁ ይኖራል፤ መዝገቡም ከእርሱ ጋር ይቀመጣል።

ስለ አበል ብዙ ይነገራል። እኔ በወፍ ቁጥር ልክ ወይም በየቀኑ ይከፈል ከሚሉት ጋር አልስማማም፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ሰዉም ያልቃል፣ ገንዘቡ ሲበዛም ወፉ በወረቀት ላይ ይበዛል። ነገር ግን በጎ ፈቃደኛ ማለት ከኪሱ የሚያወጣ ማለት አይደለም። ረግረግ ለመግባት ቦቲ ጫማ፣ ለመመለሻ የእጅ ባትሪ፣ ሻይና ዳቦ፣ ለየቡድኑ አንድ ባይናኩላር ያስፈልጋል። ባይናኩላሩም በሹም ቤት ተቆልፎ ሳይሆን በቆጣሪዎቹ ፊርማ ከማኅበሩ ንብረት ክፍል የሚወጣና የሚገባ ቢሆን መልካም ነው። ሴቶች ልጆቻችንን በተመለከተ ደግሞ የማታው ቆጠራ ሲያልቅ ይጨልማል፤ ወላጆች ቢከለክሏቸው አይፈረድባቸውም። ወፎቹ ከማደሪያቸው ሲነሡ ንጋት ላይ መቁጠርም ስለሚቻል፣ እነርሱ ከአንድ መንደር ሁለት ሦስት ሆነው የጧቱን ይያዙ። በማናቸውም ቀን መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ማንም አይውጣ፤ የዚያ ዓመት ቦታ ባዶ ይቀመጣል።

ወፎቹ ሰብል ያጠፋሉ የሚለውን ቅሬታ አውቃለሁ፤ የሽምብራና የጓያ ማሳችሁ ላይ ሲያርፉ አይቻለሁና። ለዚህ ነው በመመዝገቢያው ላይ የጉዳት ዓምድ እንዲጨመር የምፈልገው፤ የማን ማሳ፣ ምን ሰብል፣ ስንት ጥማድ የሚል። ከላይ የጠቀስኩት የእስራኤሉ ሁላ ሸለቆ ገበሬዎችም ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው። ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ጋር ተስማምተው በተወሰነ ቦታ በቆሎ እየተበተነ ወፎቹ ከማሳ እንዲርቁ ተደረገ። እኛ ሩዛችንን እንበትን አላልኩም! ነገር ግን ስንት ወፍ ስንት ማሳ እንደነካ የጽሑፍ ማስረጃ ያለው ገበሬ ወረዳው ሲሄድ ይደመጣል፤ የሌለው ግን ሲያማርር ይኖራል።

ከዚያው ሸለቆ ሌላም ትምህርት አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ ከ5,000 በላይ ክሬኖችን ገድሏል። በሽታው የዶሮ እርባታንም ያጠፋል፤ ሰውንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ቆጣሪ በአንድ ቦታ ብዙ የሞተ ወፍ ቢያገኝ በእጁ አይንካ፣ ውሻም አያስነካ፤ ቦታውንና ብዛቱን ጽፎ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቅ። ዶሮ የምታረቡ እናቶቼ፣ ይህ ሰው ለእናንተ ዘብ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው በበርጋ ረግረግ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ የሆነች ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ ወፍ በክረምት ትራባለች። እዚያ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው የድጋፍ ቡድን አቋቁመው ረግረጉን ይከታተላሉ። እኛ ደግሞ ከእነርሱ የሚበልጥ የተደራጀ ማኅበር፣ መጋዘን፣ ሒሳብ ሠራተኛና መዝገብ አለን።

በመጨረሻም የሥራ አመራር ቦርዱ ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚያዘው ገንዘብ ላይ የቦቲ፣ የባትሪና የባይናኩላር ወጪ እንዲፈቅድ፣ የቆጠራው ምሽትም ከሩዝ ውቂያ ጋር እንዳይጋጭ ሰብሳቢዎች ቀኑን አስቀድመው እንዲወስኑ ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርባለሁ። ለመጪው ጥር ቆጠራ መመዝገቢያው አሁን በእጄ ነው። ከምሳ በኋላ በመጋዘኑ በር ላይ ስለምገኝ፣ ራሳችሁም ሆነ ልጆቻችሁ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁንና መንደራችሁን አስመዝግቡ።