ለዘር የሚሆነውን ሽንኩርት እንምረጥ
(በሐዋሳ ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሽንኩርት አበባ ነው። «አበባ ለከተማ ሰው ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የሽንኩርት አበባ ከሌለ የሽንኩርት ዘር የለም። የራሱ ዘር የሌለው ገበሬ ደግሞ በየዓመቱ የሰው እጅ ያያል።

እኔ ራሴ አንድ ዓመት ከገበያ ዘር ገዛሁ። ሲያዩት ደህና ይመስላል። መደብ ሠራሁ፤ ዘራሁ፤ ውሃ አጠጣሁ። አሥር ቀን ጠበቅሁ፤ አሥራ አምስት ቀን ጠበቅሁ። የበቀለው እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ ሆነ። ገንዘቤም ወቅቱም አለፈ። ምክንያቱ ምን ነበር መሰላችሁ? ዘሩ ያረጀ ነበር። የሽንኩርት ዘር እንደ ጤፍ ብዙ ዓመት አይቆይም። እንዲሁ ከተቀመጠ፣ ዓመት ካለፈው የመብቀል ኃይሉ በጣም ይደክማል።

ታዲያ ዘሩን ራሳችን ለምን አናወጣም? ነጭ ሽንኩርት ተፈልፍሎ ይተከላል። የሐበሻ ሽንኩርትም ራሱ ይተከላል። ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ግን በመጀመሪያ ከዘር በቅሎ ራስ ይሠራል። ያ ራስ ተመልሶ ሲተከል አበባ ያወጣል፤ ከአበባውም ዘር ይገኛል።

ሁሉም ዓይነት ግን ለዚህ አይሆንም። «አዳማ ሬድ» የሚባለው ሽንኩርት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ለገበሬ የተለቀቀ ነው። እሱና «ቦምቤይ ሬድ» በስምጥ ሸለቆ አገራችን አብበው ዘር ይሰጣሉ። ድቅል የሚባለው ዘር ግን ልጁ እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ከድቅል ሽንኩርት ዘር ለማውጣት አትድከሙ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። «ጥሩ ጥሩው ለገበያ፤ የተረፈው ለዘር» የምንል ብዙዎች ነን። ገንዘብ ሲያስፈልግ ምርጡን ማስቀረት ያስጨንቃል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ደካማ እናት ደካማ ልጅ ትወልዳለች። ስለዚህ ከመሸጣችን በፊት ለዘር የሚሆነውን እንለይ።

አንደኛ፤ መጠኑ መካከለኛ ይሁን። ከዶሮ እንቁላል ትንሽ ከፍ ያለው ይበቃል።
ሁለተኛ፤ መልኩና ቅርጹ የዓይነቱን ይምሰል። ቀይ ከሆነ ሁሉም ቀይ ይሁን።
ሦስተኛ፤ ጠንካራ ይሁን። አንገቱ ቀጭንና የደረቀ ይሁን። አንገተ ወፍራሙ ቶሎ ይበሰብሳል።
አራተኛ፤ ለሁለት የተከፈለውን፣ የቆሰለውን፣ የሻገተውን አውጡ።
አምስተኛ፤ በመጀመሪያው ጊዜ፣ ማሳ ላይ ሳለ አበባ ያወጣውን ለዘር አታስቀምጡ። እሱ ችኩል ነው፤ ልጆቹም ችኩል ይሆናሉ።

የተመረጠውን ነፋስ በሚገባበት ደረቅ ቦታ፣ በቆጥ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በየሳምንቱ እዩት። ቀድሞ የበቀለውንና የበሰበሰውን አውጡ። እስከ መትከያው ድረስ ጤነኛ ሆኖ የቆየው እሱ ነው ጥሩ እናት።

በሐዋሳ ዙሪያ ትልቁ ዝናብ ሲያበቃ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መትከል ይቻላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አበባውን ይጠራዋል። ዝናብ ግን አበባውን በበሽታ ያስመታል። ስለዚህ በበጋ፣ ውሃ እያጠጣችሁ አሳድጉት። ከእንሰትና ከቡና ጥላም አርቁት፤ ፀሐይ ይፈልጋል።

አበባውን የሚያዳቅሉት ንቦች ናቸው። ንብ ደግሞ የማንን አጥር አያውቅም። ጎረቤታችሁ ሌላ ዓይነት ሽንኩርት ቢያሳብብ ዘራችሁ ይደባለቃል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ይህ በጓሮ አይሆንም። መድኃኒቱ መነጋገር ነው፤ የአንድ መንደር ሰዎች አንድ ዓይነት ብቻ ለዘር ይትከሉ። አበባው በፈነዳበት ጊዜም የተባይ መድኃኒት አትርጩ። ንቡ ከሞተ ዘሩ የለም።

በአበባው ራስ ላይ ጥቁር ዘር መታየት ሲጀምር፣ ከነአገዳው ቁረጡት። ሳይራገፍ ድረሱበት። በሰሌን ላይ አድርቁት፤ እሹት፤ በሰፌድ አንፍሱት። ከዚያ በደንብ አድርቃችሁ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ አስቀምጡ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁ። ከመዝራታችሁ በፊት 100 ፍሬ ዘር ቁጠሩ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠብቁ። ከ10 ወይም ከ12 ቀን በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። 80 ከበቀለ ደግ ነው። 30 ብቻ ከበቀለ በዚያ ዘር መደባችሁን አታባክኑ። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ዓመት ባልከሰርሁ ነበር።

ዛሬ መቁጠርም መጻፍም ታውቃላችሁ። በወረቀት ላይ የሽንኩርቱን ዓይነት፣ ዘሩ የተሰበሰበበትን ወርና ዓመት ጻፉና በጠርሙሱ ላይ ለጥፉ። ዘሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ማንንም ሳትጠይቁ ታነቡታላችሁ።